ምዕራፍ 5፦ የሰሞነኛው ቤት

በመንዝ አንድ ዲያቆን ቄስ ለመሆን ሲያስብ አስቀድሞ የሚፈልገው ሚስት ነው። ሊመነኩስ ካልቆረጠ በቀር ሳያገባ ቅስና አይቀበልም፤ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ ማግባት አይችልም። ስለዚህ በማማ፣ በላሎና በጌራ ምድር፣ ራቅ ብሎም በግሼ ራቤልና ከጀማ በረሃ በላይ በተዘረጋው በመርሐ ቤቴ፣ በጽድና በባሕር ዛፍ ከተከበቡት የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ቅዳሴ በተገባ ቁጥር ያንን ቅዳሴ ያቆመ አንድ ትዳር፣ ያንንም ትዳር የተሸከመች አንዲት እናት አለች። ምእመኑ ስለ ቄሱ ድምፅ፣ ስለ ዜማ ዕውቀቱ፣ ስለ ትጋቱ ብዙ ያወራል። ስለ እሷ ግን «የቄስ ሚስት ናት» ብሎ ያልፋል።

እናትነትን ከመንፈሳዊ አገልግሎት ጋር እንዴት ማስኬድ ይቻላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሴቶች ቅስና በሚቀበሉባቸው አብያተ ክርስቲያናት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሴት ቅስና ስለማትቀበል ነገሩ እኛን የማይመለከት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በዚህ ደጋ ላይ ነው እላለሁ። እዚህ የምታገለግለው እናት የአገልጋይ ስም የላትም። ስም ያልወጣለትን ሥራ ደግሞ ማንም ላቅልልሽ አይልም።

ነገሩን ከሰሞን ልጀምር። ቅዳሴ በአንድ ቄስ አይቀደስም፤ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ቀሳውስቱ ተራ ገብተው ያገለግላሉ፤ ተራው የደረሰው ሰሞነኛ ይባላል። ሰሞነኛው ከሚስቱ መኝታ ይለያል፤ ብዙውን ጊዜም አዳሩን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ግቢ ያደርጋል። ሌሊት ተነሥቶ ሰዓታቱንና ኪዳኑን ያደርሳል፤ ቅዳሴው እስኪወጣ እህል ውሃ አይቀምስም። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነውና ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ ቀኑ ተገባዷል።

በዚያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ የለም። በመሐል ሜዳ ዙሪያ መሬቱ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ውርጩ ብርቱ ነው፤ የማገዶ እንጨት ብርቅ ስለሆነ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። ኩበቱን የምትጠፈጥፈው፣ የምታደርቀው፣ የምትከምረው እናት ናት። ውሃው ከምንጭ በጀርባዋ ይመጣል፤ እህሉ ወፍጮ ቤት ደርሶ የሚመለሰው በጀርባዋ ነው፤ ሕፃኑም የሚታዘለው እዚያው ጀርባ ላይ ነው። ከብቱን የሚያግደው ልጅ ትምህርት ቤት ከዋለ በጎቹ ተከታይ ይፈልጋሉ። በሬ ጠምዶ ማረስ በባህሉ የወንድ ሥራ ስለሆነ ሰሞኑ ከእርሻ ወቅት ጋር ከገጠመ ወንድም ወይም ጎረቤት መለመን፣ አለዚያም ደቦ መጥራት አለባት። ደቦ ጠራች ማለት ጠላ ጠመቀች፣ እንጀራ ጋገረች፣ ወጥ ሠራች ማለት ነው። ሊያግዛት የመጣው ሰው ራሱ ሥራ ይጨምርባታል።

ከየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በፊት ቤተ ክርስቲያን የራሷ መሬት ነበራት፤ ቀዳሹም ለአገልግሎቱ ከዚያ ላይ ይቆረጥለት ነበር። ከአዋጁ ወዲህ የገጠር ቄስ እንደማንኛውም ገበሬ ከደረሰው ማሳ ላይ አርሶ ያድራል። ደብሩ የሚሰጠው ቢኖርም ቤተሰብ የሚያኖር አይደለም። እንግዲህ ሰሞን በገባ ጊዜ ከማሳው የጎደለውን የወንድ ጉልበት የሚተካ ደመወዝ የለም፤ የሚተካው የሚስቱ ድካም ነው። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፦ በብዙ የመንዝ ደብር የቅዳሴውን ወጪ ከሚሸፍኑት ሰዎች ቀዳሚዋ የቄሱ ሚስት ናት።

ሰሞኑ አልፎም አገልግሎቱ ቤቷን አይለቅም። ቄሱ የንስሐ ልጆች አሉት። ያዘነ፣ የተጣላ፣ የታመመ፣ ስእለት ያለበት ሁሉ ይመጣል፤ የመጣ ሰው ደግሞ ባዶ አፉን አይሸኝም። ሌሊት በር ሲንኳኳ ኩራዙን የምታበራው እሷ ናት። «አባ አሉ?» ይላል ከውጭ ያለው። የሚያጣጥር ሰው ኑዛዜ ይፈልጋል፤ ምጥ የጠናባት ሴት ቤት ጸሎትና ጠበል ይፈለጋል። ቄሱ መስቀሉን ይዞ ይወጣል፤ እሷ ከእንቅልፉ የባነነውን ሕፃን ታስተኛለች። እንግዳው ከባሏ ጋር ምን እንደተነጋገረ አትጠይቅም፤ የሰማችውም ቢኖር ከአፏ አይወጣም። ከጎረቤት ጋር በውሃ መውረጃ ቦይ ወይም በበግ ብትጣላ ጠቡ የደብሩ ወሬ ይሆናል። ልጇ ቢያጠፋ «የቄስ ልጅ ሆኖ» ይባላል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው የመጀመሪያ መልእክት፣ በ3ኛው ምዕራፍ፣ የቤተ ክርስቲያንን አገልጋይ በቤቱ አስተዳደር ይመዝነዋል። ቤቱን ያላቀና ሰው ለእግዚአብሔር ቤት እንደማይታመን ያስተምራል። ይህን ምዕራፍ በዚህ ደጋ ላይ ቆሞ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። ባልየው መቅደስ በሚያድርበት ሳምንት ቤቱን የምታቀናው እሷ ናት። ለአገልግሎት ብቁ ያሰኘውን ምስክርነት የምትጽፍለት በኩበት ጭስ ውስጥ ሆና ነው።

አሁን ወደ ትዳሩ ውል ልግባ፤ የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ተመራማሪው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ገብቶ ያጠናውን መሠረት አድርጎ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን ታዋቂ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትሟል። ሔለን ፓንክረስት ደግሞ በዚያው በመንዝ ገጠር ከሴቶች ጋር ኖራ የጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቷል። ሁለቱም የመንዝን ትዳር ሲገልጹ ፍቺ የተለመደ መሆኑን አሳይተዋል። ብዙው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነው፤ ካልተስማማ በሽማግሌ ንብረቱን ተካፍሎ ይለያያል፣ ሌላ ያገባል። የመንዝ ሴት ከወላጆቿ መሬትና ከብት የምትካፈል ስለሆነች ባሏ ቢበድላት መሄጃ አላት፤ ይህም በትዳሯ ውስጥ ቃሏ እንዲሰማ አድርጓል።

የቄስ ሚስት ይህ መሄጃ የላትም። የተጋባችው በቁርባን ነው፤ ከሙሽራው ዲያቆን ጋር በአንድ ቀን ሥጋ ወደሙ ተቀብላለች። እሷ ከሄደች ወይም ከሞተች ባሏ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ሊቀድስ የሚችለው ብቻውን ከኖረ ወይም ከመነኮሰ ነው። ሚስታቸው ሞታ፣ ልጆች የሚያሳድግ ጠፍቶ፣ ሌላ አግብተው ከመቅደስ የወጡ ቀሳውስት በየአገሩ አሉ፤ አንዳንዱም ከቅኔ ማሕሌት ቆሞ በዝማሬ ያገለግላል። እንግዲህ በዚች ሴት ጤናና በዚች ሴት ትዕግሥት ላይ የአንድ ሰው ክህነት፣ አንዳንዴም የአንድ ትንሽ ደብር ቅዳሴ ተንጠልጥሏል። ስትወልድ ብትሞት ደብሩ ቀዳሽ ሊያጣ ይችላል። በዚህ ዓይነት የምትፈለግ ሴት የመጀመሪያዋ የምትታከም፣ የመጀመሪያዋ የምትረዳ ትሆናለች ብሎ ሰው ያስባል። አልሆነም።

ቁርባኑ የሰጣት ነገርም አለ፤ እሱንም መናገር ተገቢ ነው። በገጠር ብዙው ሰው ሲጎረምስ ከቁርባን ይርቃል፤ የሚመለሰው ሲያረጅ ነው። በወጣትነቷና በመውለጃ ዕድሜዋ ልጇን ታቅፋ የምትቆርብ ሴት ጥቂት ናት፤ ከጥቂቶቹ አንዷ የቄስ ሚስት ናት። ይህን እንደ ትልቅ ጸጋ የሚያዩ እናቶች አሉ፤ እኔም ትልቅ ጸጋ ነው እላለሁ። ሸክሙ ግን ጸጋ ነው በሚል ቃል ብቻ አይቀልም።

የቁርባን ጋብቻው ሌላም ጨለማ ገጽ አለው። ዲያቆኑ የሚያገባት ልጃገረድ ድንግል መሆን ስላለባት፣ ይህን «ለማረጋገጥ» ሲባል ገና ሕፃን ሳለች የምትዳርበት ልማድ በአማራ ገጠር ሥር ሰዶ ኖሯል። እናትነትን ከአገልግሎት ጋር ታስማማለች የምትባለው «የቤት እመቤት» ራሷ እናት የምትሻ ልጅ የነበረችበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀኖናው ድንግልና ጠየቀ እንጂ ሕፃንነት አልጠየቀም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ የአማራ ክልል የ1995 የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ይዟል፤ በ1997 በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ተክሊል የሚያደርስ ቄስ የሙሽሪትን ዕድሜ ሳይጠይቅ መስቀሉን ቢያነሣ ሕግም ይፋረደዋል፤ እግዚአብሔርም ይጠይቀዋል ብዬ አምናለሁ።

የእናትነት ቀን መቁጠሪያና የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ በመንዝ ሴት ላይ አንድ ላይ ይወርዳሉ። እርጉዝ ሳለች «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይሏታል። ምጡ ሲመጣ ሴቶቹ ዙሪያዋን ሆነው ማርያምን ይማጠናሉ። ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ሕፃኑም ክርስትና የሚነሣው በዚያ ቀን ነው። የቄስ ሚስት ስትሆን ደግሞ በዚያ ወቅት ባሏ እንዳገለገለ፣ እንግዳውም እንደመጣ ነው። አራስ ቤት የሚያርሳት እናት ወይም እኅት ካልመጣች ዕረፍቷ በ40ው ቀን የሚያልቅ ሳይሆን ሳይጀመር የሚቀር ነው።

በዓላቱን ተመልከቱ። መንዝ በዓል የሚያከብር አገር ነው። በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ ላዩ ላይ እሑድና የደብሩ ታቦት። በእነዚህ ቀናት ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላል፤ ወንዱ ከቅዳሴ ተመልሶ በማኅበሩ ይቀመጣል። ሴቷም አትፈትልም፣ አትፈጭም። ነገር ግን ልጅ ይበላል፣ ላም ትታለባለች፣ ውሃ ይቀዳል። ማኅበሩ ከቤቷ ከገባ ደግሞ ብቅሉን ያበቀለችው፣ ጌሾውን የወቀጠችው፣ ጋኑን ያጠነችው፣ ዳቦውን የደፋችው እሷ ናት። ሰንበቴው፣ ጠበል ጠዲቁ፣ ዝክሩ፣ ተዝካሩ ሁሉ የሚጀምረው ከጓዳ ነው። ቄሱ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ሲባርክ የሚባርከው ድካሟን ነው። በዓል ማክበርን የሚነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ በዓሉ ባይኖር መንዝ መንዝ አይሆንም። ዕረፍቱ ግን ለሁለቱም እኩል አልደረሰም።

ልጅ መስጠትም አለ። የአብነት ትምህርት የሚቀጥለው እናቶች ልጆቻቸውን ከጉያቸው ስለሚያወጡ ነው። ትንሹ ልጅ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከቤቱ ርቆ ከየኔታ ዘንድ ይሄዳል። ቁራሽ እየለመነ ይማራል። የወለደችው እናት ለሌላ ሰው ልጅ ቁራሽ ስትሰጥ የራሷም ልጅ በማያውቃት ሴት ደጅ ቆሞ እንደሚሆን ታስባለች። የቄስ ሚስት ደግሞ ይህን ብዙ ጊዜ ታየዋለች፤ ባሏ የመጣበት መንገድ ነውና ልጇም በዚያ እንዲሄድ ይጠበቃል። ዛሬ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ልጁን ይፈልገዋል። ጠዋት ፊደል፣ ከሰዓት ዳዊት፣ ማታ በግ ማስገባት፤ ይህን የምታስማማው አባት ሰሞን ሲገባ እናት ብቻ ናት።

የዚህ የእናትነትና የአገልግሎት ውጥረት ትልቁ ታሪክ የሚገኘው ከመንዝ በስተ ደቡብ፣ በዚያው በሸዋ፣ በቡልጋ ነው። ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ በ15ኛው መቶ ዘመን እንደኖረች ይታመናል። ሠምረ ጊዮርጊስ የተባለ ሰው አግብታ ከአሥር የማያንሱ ልጆች ወልዳለች። ቤቷ ባለጸጋ ነበር፤ አገልጋዮች ነበሯት። ገድሏ እንደሚተርከው አንድ ቀን በአንዲት አገልጋይዋ ተቆጥታ የነደደ እሳት በአፏ ጨመረችባት፤ አገልጋይዋም ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ አልቅሳ ጸለየች፤ አገልጋይዋም ተነሣች። ከዚያ በኋላ ቤቱ አልሆናትም። ሀብቷንና ከሕፃኑ በቀር ልጆቿን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች፤ ቀጥሎም በጣና ሐይቅ ጓንጉት ገዳሟን አቀናች። በሐይቁ ውስጥ ቆማ ለብዙ ዓመት ጸለየች፤ ሰይጣንን እንኳ ከፈጣሪው ጋር ላስታርቅ ብላ የሄደችበት ታሪክ ከሁሉ በላይ ታውቋል። ዕረፍቷ ነሐሴ 24 ቀን ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ጋር ይከበራል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ሰይጣን ዕርቅ ነው። እኔን የሚያቆመኝ ሌላው ነው። ገድሉ ከቤቷ ስትወጣ ሕፃን ልጇን ይዛ እንደወጣች፣ ከገዳሙ በር ላይም ሕፃኑን ይዛ መግባት እንደተከለከለች፣ ሕፃኑንም ቅዱስ ሚካኤል እንደወሰደው ይናገራል። ገድሉን የጻፉት አባቶች ይህን ክፍል ሊተዉት ይችሉ ነበር፤ አልተዉትም። አንዲት እናት ለእግዚአብሔር ስትወጣ ጡት የሚጠባው ልጅ የት ይሁን የሚለውን ጥያቄ ከበሩ ላይ አስቀመጡት። የሰው መልስ ስላልነበረው መልአክ መጣ። መልአክ ያልመጣላቸው እናቶች ግን ስንት ናቸው? የመንዝ ሴት ክርስቶስ ሠምራን የምትወዳት፣ ዝክሯን የምትዘክረው፣ ከቅዱሳኑ መካከል እንደ ራሷ ያለ ቤት፣ እንደ ራሷ ያለ ቁጣ፣ እንደ ራሷ ያለ የልጆች ብዛት ያየችው በእሷ ስለሆነ ይመስለኛል።

ወለተ ጴጥሮስን ከጎኗ እናስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ1592 ተወልዳ በ1642 ያረፈች፣ የዐፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ ሃይማኖት ተቃውማ ማኅበረሰብ የመራች ታላቅ እናት ናት። የንጉሡ ሹም የነበረውን ባሏን መልክዐ ክርስቶስን ትታ መነኮሰች። ከመመንኮሷ በፊት ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ሦስቱ ቢያድጉ ኖሮ ያ ትግል እንዴት ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም።

ሦስተኛዋ እግዚእ ኀረያ ናት፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት እናት። ባሏ ጸጋ ዘአብ በቡልጋ ካህን ነበር። ከክርስቶስ ሠምራና ከወለተ ጴጥሮስ ይልቅ ለመንዝ የቄስ ሚስት የምትቀርበው እሷ ናት፤ በፈቃዷ ከቤቷ አልወጣችም፣ ከባሏም አልተለየችም። ሁለቱ በየወሩ የቅዱስ ሚካኤልን በዓል እየዘከሩ ለድሆች ይመጸውቱ ነበር፤ ልጅ በማጣት ብዙ ዓመት አዘኑ። የዳሞቱ ገዥ ሞተለሚ ማርኮ ወስዷት በተአምር ወደ ባሏ እንደተመለሰች ገድሉ ይናገራል። ባሏ ከሚያገለግልበት መቅደስ በር ወዲህ ያለው የምጽዋት፣ የእንግዳ፣ የልጅ አገልግሎት ሁሉ የእሷ ነበር። ያን አገልግሎት ግን የምናስታውሰው የወለደችውን ስናስታውስ ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ለእናቶች የከፈተችው በር አለ፤ በሩ ግን የሚከፈተው ዘግይቶ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን የዳረች ሴት ቆብ ትደፋለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ እማሆይ ነው። በመንዝ አድባራት ዙሪያ እማሆዮችን የማያይ የለም። አንዳንዶቹ በቅጽሩ አጠገብ በትንሽ ጎጆ፣ አንዳንዶቹ በልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ደጀ ሰላሙን ይጠርጋሉ፤ የመገበሪያውን ስንዴ ይለቅማሉ፤ ለቆሎ ተማሪው እንጀራ ይቆርሳሉ፤ ሌሊት ከሁሉ ቀድመው ደጅ ይቆማሉ። ያን ጊዜ ሰው ተነሥቶ ወንበር ይለቅላቸዋል፣ ጸሎታቸውን ይለምናል። ያቺው ሴት ግን ከ20 ዓመት በፊት ስድስት ልጅ አዝላና አስከትላ ያንኑ ሁሉ ስትሠራ የቆመላት አልነበረም። ክብሩ ለቆቡ ብቻ መሰጠቱ ልክ አይደለም እላለሁ።

ቀደም ያለ ሥርዓትም አለን። የሥርዓት መጽሐፋችን ዲድስቅልያ ስለ ዲያቆናዊት ይናገራል፤ ሴቶች ሲጠመቁ የምታግዝ፣ ሴቶችን የምትጎበኝ አገልጋይ ማለት ነው። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን በፖፕ ሺኖዳ 3ኛ ዘመን ይህን አገልግሎት አድሳለች። በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንዶችን ቅኔ አስተምረዋል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ሴቶች ቅስና እንዲቀበሉ ወስናለች፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹን ሴት ቀሳውስት የሾመችው ከዚያ ሦስት ዓመት ብቻ ቀድማ ነው። እነዚያ ሴቶችም ስብከቱን ጨርሰው ሲመለሱ ምድጃው የሚጠብቃቸው እነሱኑ ነው። ስለዚህ የቅስናው ክርክር በየትኛውም መንገድ ቢፈታ የምድጃው ጥያቄ ብቻውን መልስ ይፈልጋል። የተዋሕዶ ቀኖና ይለወጥ የሚል ክርክር በዚህ ምዕራፍ አላነሣም። ቀኖናው ሳይነካ ሊደረግ የሚገባው ብዙ ነው።

የሰበካ ጉባኤ በ1965ቱ ቃለ ዓዋዲ ከተቋቋመ ወዲህ ካህናትና ምእመናን በአንድነት ደብሩን የሚያስተዳድሩበት መድረክ አለ። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሰበካ ጉባኤያት የሰሞንን ተራ ሲደለድሉ የእርሻውን ወራትና አራስ ቤቱን አብረው ይመልከቱ። ሚስቱ አራስ የሆነች ቄስ በዚያ ወር ሰሞን አይግባ፤ ባልንጀራው ይተካው፣ ወሩ ሲያልፍም ተራውን ይመልስለት። ሰሞን የገባ ቄስ ማሳ በደብሩ ልጆች ወንፈል ይታረስ፤ ለዚያ ወንፈል የሚሆነውን ጠላና እንጀራ የሰሞነኛው ሚስት ሳትሆን ማኅበሩ ያሰናዳ። ወደ ሙዳየ ምጽዋት ከሚገባው ላይ የቀዳሾች ሚስቶችና ልጆች የሚታከሙበት ጥቂት ይቀመጥ። ምእመናንን ወክሎ ከሚቀመጠው ወንበር ላይ ልጅ የምታሳድግ እናት ትቀመጥ፤ በዝክሩ ድካም ላይ ድምፅ ሊኖራት የሚገባ እሷ ናትና።

አንባቢም የሚያደርገው አለው። በሚመጣው በዓል የገጠሩን ቄስ ቤት ከጠየቃችሁ ከመባረካችሁ በፊት ጓዳ ግቡና እናቲቱን ሰላም በሉ፤ ሕፃኑን ተቀበሏት፤ እንስራውን ይዛችሁ ምንጭ ውረዱላት።